ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ነገ» ነው የሚለው፤ ስሙም ያለ ነገር አልወጣለትም። ልብሱን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ሁሉ «አለቀ እኮ! ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው፤ ነገ ብቅ በል» ይባላል። ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ እምቢ ማለት አይችልበትም። ያመጡለትን ሁሉ እየተቀበለ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። የገዛ ሚስቱ እንኳ ቀሚሷን ሰጥታው ልጅ ወልዳ አሳድጋለች።

አንድ ቀን ሱሪ እያጠበበ ሳለ ስልኩ ጢጥ አለ። «በካርድዎ ጌጣጌጥ ቤት ሊከፈል የነበረ ገንዘብ ውድቅ ሆኗል። እርስዎ ካልሆኑ የካርድዎንና የምስጢር ቁጥርዎን አሁኑኑ ይላኩ፤ አለዚያ ሂሳብዎ ይዘጋል» ይላል መልእክቱ።

ልቡ ድው አለ! እዚያ ካርድ ውስጥ ያለው ከሚስቱ ጋር ለአዲስ የስፌት መኪና ከአፋቸው ነጥቀው ያጠራቀሙት ነው። አሮጊቷ መኪና ክር ስትበጥስ ነው የምትውለው። ምስኪን፣ ሊልክ ቆርጦ ነበር። ጣቱ ግን የለመደውን ጻፈ፤ «እሺ ጌታዬ፣ አሁን እልካለሁ።» ከዚያ ወደ ሱሪው ተመለሰ።

ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ያጎረነነ ሰው ነው።

«ከባንክ ነው። ቁጥሩ የታለ?»

«ደርሷል ጌታዬ፣ እያወጣሁት ነው።»

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ደወለ።

«ካርዱን ይዣለሁ፤ መነጽሬን ብቻ ነው ያጣሁት» አለ ልብስ ሰፊው። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር።

እንደገና ሲደወል ግን ፈራ። «በሉ ይጻፉ» ብሎ ካርዱን እያየ ማንበብ ጀመረ። ገና መጀመሪያው ላይ ሳለ፣ እግሩ ሳያስበው ሲረግጣት የነበረችው መኪና ክሩን ብጥስ አደረገችው።

«ወይኔ፣ ክሩ! ጌታዬ የቀረችው ትንሽ ናት፤ ነገ በጠዋት ብቅ ይበሉ!»

ሰውዬው ቅጥል አለ። ጎርናናው ድምፅ ጠፍቶ ቀጭን ጩኸት መጣ።

«አንተ ሰውዬ ምን ዓይነት ፍጡር ነህ? የሠርጌን ሱሪም እንዲሁ ነገ ነገ ብለህ፣ በሰው ሱሪ ነው ያገባሁት!»

ወዲያው ስልኩ ተዘጋ።

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ግራጫው የሙሽራ ሱሪ አቧራ ለብሶ ተንጠልጥሏል።

ሚስቱ ጉዱን ስትሰማ መጀመሪያ ራሷን ያዘች፤ ቀጥሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «እሰይ የኔ ዘገምተኛ! በል አሁን ሱሪውን ጨርስ። ሊወስድ ሲመጣ ፖሊስ ይቀበለዋል።»

ጋሽ ነገ በዕድሜው እንደዚያ ሰፍቶ አያውቅም። ቁልፉን ተከለ፣ ተኮሰ፣ አጠፈ። የሰፈሩ ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ እያየው፣ ጋሽ ነገ ለሰውዬው ደወለለት።

«ወንድሜ፣ ሱሪህ አልቋል። ና ውሰድ።»

«አልቋል? ቁልፉም?»

«ቁልፉም።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«አሃ! ፖሊስ አጠገብህ ቆሟል ማለት ነው» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ልብስ ሰፊው ክው አለ። ገንዘቡ ቢተርፍለትም ከፋው። «አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ ልጣ?»

«አይፍረዱበት፣ ጋሽ ነገ» አለ ፖሊሱ ወደ ግድግዳው እያየ። «ለመሆኑ የኔ ኮት የት ደረሰ?»

«አለቀ እኮ!»