ዘይት የጠገበው ቆዳ

አንድ የማሾ ፋኖስ ጠጋኝ ነበር፤ ሴት ልጁ ለመሬት ጥናት በረሃ በወጣች ቁጥር የማሾዋንና የምድጃዋን ፓምፕ ፈትቶ የውስጡን ቆዳ ዘይት ይቀባላት ነበር። ቆዳው ከደረቀ አየር አይገፋም። በመጨረሻው ጉዞዋ ግን ተኳርፈው ስለነበር «ሥራ ይዣለሁ» ብሎ ሳይቀባላት ቀረ። በሳምንቱ ጎርፍ ወሰዳት።

ከቀብሩ በኋላ የሥራ ባልደረባዋ ዕቃዋን ይዞ መጣ። አባት የፈራውን ጠየቀ፤

«መብራቷ እምቢ ብሏት ነው?»

«ኧረ ጎርፉ የመጣው በቀን ነው፣ አባባ።»

እሱ ግን አላመነም፤ የማሾዋን ፓምፕ ፈታ። ቆዳው ለስላሳ ነው፤ ዘይት ጠግቧል።

«ማን ቀባው?»

«እሷ ነቻ! የሁላችንንም ትቀባ ነበር፤ ‹አባዬ እንዲህ ነው የሚያደርገው› እያለች።»

«ሳንታረቅ እኮ ነው የሄደችው» አለ አባት። ፓምፑን መልሶ ሊገጥም ሞከረ፤ አቃተው። ባልደረባዋ ቀስ ብሎ ተቀብሎ ገጠመለት።