ያልጎረሰችው ምስር

ሲስተር ፍሬሕይወት የእማማ ባንቺአየሁን ጉርሻ እምቢ ያለችው በዐቢይ ጾም በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ሰዓቱ ባይታወቅ ኖሮ ነገሩ በጾም ተሸፍኖ በቀረ ነበር።

ፍሬሕይወት የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት። አዘዞ ተወልዳ አክስቷ ዘንድ አደገች፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ካቶሊክ ሆና መነኰሰች፤ ድሆችንና ሕሙማንን እንድታገለግል ወደ ኢየሩሳሌም ተላከች። ከሦስት የማኅበሯ እኅቶች ጋር ከኢትዮጵያ ጎዳና ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ትኖራለች። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ አውቶቡስ ተሳፍራ ኔቬ ያዕቆብ ወደተባለው ሰፈር ትወጣለች። እማማ ባንቺአየሁ፣ ከወገራ የመጡት ቤተ እስራኤላዊት፣ የሚኖሩት እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክረምቱን ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሳለ ሆስፒታል ውስጥ ተዋወቁ። የልጅ ልጃቸው ሚሪ ጊሎ ሰፈር ባለ ጥርስ ሐኪም ቤት ሥራ ስትውል፣ ፍሬሕይወት መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ ገላቸውን ታጥባለች፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣላቸውን ደብዳቤ ታነባለች።

የመጀመሪያው ቀን እማማ ባንቺአየሁ አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል አይተው፣ "ሚስዮን ነሽ?" ብለዋት ነበር።

"አዎ፣ እማማ። ግን ልሰብክ አልመጣሁም።"

"ብትሰብኪም ግድ የለኝ። ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም፤ በግራ እንዳትመጪብኝ ብቻ።"

ከዚያ ወዲህ ተዋደዱ።

በዚያች ማክሰኞ አሮጊቷ ከወደቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድጃ ፊት ቆመው ወጥ ሠሩ። በአንድ እጃቸው ባለ አራት እግሩን ምርኩዝ ጨብጠው፣ በሌላው አማሰሉ። ላግዝዎ ብትላቸው በጀ አላሉም። ሲጨርሱ ቁጭ አሰኟት።

"ምስር ነው። ጾም ላይ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ቅቤ አልነካውም። ሰዓትሽም አልፏል። እናንተ በዘጠኝ ሰዓት እንደምትፈቱ ማን ይነግረኛል? ደወላችሁ እኛ መንደር ድረስ ይሰማ ነበር።"

ጠቅልለው ወደ አፏ አስጠጉላት።

የፍሬሕይወት አንገት ወደ ኋላ ሸሸ። ማንም ሳያዘው ሸሸ።

"ጾም ነኝ፣ እማማ" አለች።

አሮጊቷ "እህ፣ ጾም" አሉና ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሱት። ስትወጣም እንደ ወትሯቸው "እግዚአብሔር ያድርስሽ" አላሏትም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። አውቶቡሱ ውስጥ ፍሬሕይወት ራሷን ልታታልል ሞከረች፤ አልሆነላትም። ምግቡ የጾም ነበር። ሰዓቱ አልፎ ነበር። ርቧትም ነበር። እንግዲህ ምን ቀረ? የቀሩት አክስቷ ናቸው። ልጅ ሳለች አክስቷ ከቤተ እስራኤል ሴቶች ድስት ይገዙ ነበር፤ ገንዘቡን ግን ከእጅ ወደ እጅ አይሰጡም፣ መሬት ላይ ያስቀምጡላቸዋል። ወደ ቤት ሲመለሱም፣ "ዕቃቸውን እንገዛለን፤ ከእጃቸው ግን አትብዪ" ይሏታል። ይህን ካሰበችው ስንት ዘመኗ! ሃያ ስድስት ዐቢይ ጾም በምንኩስና ጾማለች፤ የአክስቷ ቃል ግን ከአንገቷ ጅማት አልወጣም።

ሐሙስ ዕለት እኅቶች ተራ በተራ የጾም አስተንትኗቸውን ያነባሉ። ተራው የሷ ነበር። ሰኞ ዕለት የጻፈችውን፣ ጾም ማለት ከድሃ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ እንደሆነ የሚናገረውን፣ አንድ ቃል ሳትለውጥ አነበበችው። አለቃቸው ሲስተር ሄርሜላ ዓይናቸውን በመሐረብ አበሱ።

"ይህንንማ ለማኅበሩ መጽሔት እንልከዋለን" አሉ።

ፍሬሕይወት ማድ ቤት ድረስ ተከትላቸው ሄዳ ሁሉንም ተናገረች። "ነገውኑ ንስሐ ልግባ" አለች በመጨረሻ።

ሲስተር ሄርሜላ ብርጭቆ ማጠባቸውን አላቆሙም። "ካህኑ የትም አይሄዱም። ለእኔስ ምን ትነግሪኛለሽ? አንገትሽን ያሸሸሽው ከእኔ ነው? ኔቬ ያዕቆብ ሂጂ።"

ዓርብ አውቶቡስ ለሰንበት ቀድሞ ስለሚቆም ረፋዱ ላይ ወጣች። በሩን የከፈተችላት ሚሪ ናት።

"ሲስተር፣ ሳፍታ ምን ሆና ነው?" አያቷን በዕብራይስጥ ሳፍታ ነው የምትላቸው። "ከማክሰኞ ጀምሮ አኩርፋለች። ትናንት ደግሞ ሐድ ፔዓሚ ግዢ አለችኝ።"

ጠረጴዛው ላይ ሐድ ፔዓሚው፣ ተበልቶበት የሚጣለው የወረቀት ሳህን፣ ከነላስቲኩ ተቀምጧል።

"የሷ ነው" አሉ እማማ ባንቺአየሁ ከወንበራቸው። "የማንም እጅ አልነካውም። እዚህ ቤት ስትበላ በዚህ ትበላለች።"

ፍሬሕይወት ሳህኑን ገፋ አደረገችው። "እማማ፣ ጾም አልነበረም።"

"አውቃለሁ። ሰዓት አውቃለሁ አላልኩሽም?"

"ልጅ ሳለሁ አክስቴ ከእጃችሁ እንዳልበላ..."

"ለምን አለችሽ?"

ፍሬሕይወት ዓይኗን ወደ ወረቀት ሳህኑ መለሰች።

"ቃሉን በዪው። ስሰማው ነው የኖርኩት፣ አልደነግጥም።"

"ቡዳ ናቸው ብላ" አለች፣ ድምፅዋ እየሰለለ።

"በቀኝ በኩል ነው የተናገርሽው። አልሰማሁም።"

ወደ ግራ ዞራ ደገመችው። እዚያ ቤት ውስጥ፣ ለሰንበት በተወለወለው ወለል ላይ ቆማ፣ ጮክ ብላ ደገመችው።

"ቡዳ ምንድን ነው?" አለች ሚሪ።

"እኔ ሳልነግርሽ ነው ያሳደግሁሽ" አሉ አያቷ። "ይዛው የመጣችው ትንገርሽ። በዕብራይስጥ ትንገርሽ፣ እንዲገባሽ።"

ፍሬሕይወት በትምህርት ቤት ዕብራይስጧ እየተንተባተበች ነገረቻት፤ ቤተ እስራኤሎች በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ ይባሉ እንደነበር። ጅብ የሚለውን ቃል አላወቀችውም። አውሬውን በእጇ ስታሳይ፣ ስለ ጩኸቱ ስታወራ፣ ቃሉን ያቀበለቻት ራሷ ሚሪ ናት።

"እኔ? ጅብ?" ሚሪ ሳቀች። ሌላ የሚስቅ ሲጠፋ አቆመች። "አንቺ ታምኚበታለሽ?"

"አላምንም።"

"ታዲያ ለምን አልበላሽም?"

ፍሬሕይወት ወጥ ወደተጣደበት ምድጃ ዞረች፤ "እማማ፣ ልብላ። አሁን፣ ከእርስዎ ሳህን ልብላ" አለች።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ለስድስት ሩብ ጉዳይ።"

"ጾምሽስ?"

"እፈታዋለሁ፣ ግድ የለም።"

"ለእኔ ግድ አለኝ" አሉ አሮጊቷ። "አሁን ብትጎርሺ ለእኔ ብለሽ አይደለም፤ እፍረትሽን በእኔ ወጥ ልታወራርጂ ነው። እፍረትሽን ይዘሽ ሂጂ። ማክሰኞ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ሲርብሽ ነይ።"

ሚሪ እስከ ደረጃው ሸኘቻት። "ማክሰኞ ሥራ አልገባም፤ እዚህ ነኝ" አለቻት፤ ፊቷ ላይ ፈገግታም ቁጣም አይነበብም። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ፍሬሕይወት ሁለት ፎቅ ያህል ከወረደች በኋላ ቆመች፤ አውቶቡሱ ሊያመልጣት ነው፣ እሷ ግን እስከ ማክሰኞ የቀሩትን አራት ቀናት በጣቷ ትቆጥር ነበር።