ሣጥኑን ማን ይሸከም

ጁን አምስት በመጣ ቁጥር እኛ አሜሪካ፣ ሊሌሆልም ከተማ ውስጥ ያለን ዴንማርኮች፣ ቅድመ አያቶቻችን አዮዋ የገቡበትን ቀን በሰልፍ እናሳያለን። ከፊት ቨርነር ስኮቭጎር ረጅም ባርኔጣ ደፍቶ፣ የቅድመ አያቱን የራስሙስን ቦታ ይዞ እንደ ሙሽራ ይራመዳል። ከኋላው እኔ፣ ሆልገር ቶሩፕ፣ ሣጥኑን በጀርባዬ አዝዬ እከተላለሁ። የኔ ቅድመ አያት አንደርስ የራስሙስ አሽከር ነበር፤ ራስሙስ ራሱ አንደኛ ማዕረግ ተቀምጦ የአንደርስንም የመርከብ ሂሳብ ከፍሎ አመጣው ይባላል። ማነው የሚለው? ስኮቭጎሮች። ሰልፉን የሚያዘጋጀውስ ማነው? እነሱው።

ሣጥኑ ከወፍራም ጣውላ የተሠራ፣ ዙሪያውን በብረት የታሰረ፣ ክዳኑ ላይ ቀይ ጽጌረዳ የተሳለበት ነው። የሚቀመጠው ስኮቭጎሮች ቤት ነው። ባዶ ነው ይሉኛል። እስቲ እነሱ ይሸከሙት። አያቴ ተሸክሞታል፣ አባቴም ተሸክሞታል። እኔም ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ አሳማ ማርባት ከጀመርኩ ወዲህ እንዲሁ። ቨርነር ኮሌጅ በነበረበት ዘመን እንኳ ለሰልፉ እየመጣ ባርኔጣውን ደፍቶ ይመለስ ነበር። አንድ ዓመት መሀል መንገድ ላይ ዞር ብሎ፣ «ሆልገር፣ ፈጠን በል፣ መርከቡ አይጠብቅም» አለኝና ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ረስቶታል። እኔ አልረሳሁም።

ዘንድሮ ወገቤ እምቢ አለ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከባድ ነገር አታነሣም አለኝ። ይኼን የመሰለ የምሥራች ሰምቼ አላውቅም። እየበረርኩ ሄጄ ለቨርነር ነገርኩት።

«አይዞህ» አለኝ። «ጉድሩን ትሸከመዋለች። ትከሻዋም ካንተ ይሻላል።»

ጉድሩን ልጄ ናት። የእህል ጭነት መኪና ትነዳለች፤ ስለ ትከሻዋ እንኳ አልዋሸም።

«አባባ፣ ሣጥን እኮ ነው» አለችኝ። «ይዤው እዞርና ኤብለስኪወር ኬካችንን እንበላለን። ምን ችግር አለው?»

ለሷ ሣጥን ነው። እኔ ግን ልጄ ከስኮቭጎር ኋላ ስታጎነብስ ቆሜ ማየት አልፈለግሁም። ስለዚህ የአንደኛ ማዕረጉን ወሬ ላጣራ ብዬ የመርከብ ተሳፋሪዎች መዝገብ ወደሚገኝበት ወደ ትንሹ ሙዚየማችን ሄድኩ። እዚያ ያሉት ወይዘሮ ቦዲል ናቸው፤ ጉድሩንን አስተምረዋታል፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ኮምፒውተሩ ላይ ይውላሉ።

አንደርስ ቶሩፕ ብለን ፈለግን፤ የለም። ራስሙስ ስኮቭጎር አልን፤ እሱም የለም። በዚህኛው ደስ አለኝ።

«እንዲያውም አልመጣማ» አልኩ።

«ካልመጣ ቨርነር ከየት ተወለደ?»

«ጥፋቱ እሱ ነው።»

ወይዘሮ ቦዲል መነጽራቸውን አወለቁ። «ስማ ሆልገር። ስኮቭጎር የእርሻ ስም ነው፣ ቶሩፕ ደግሞ የመንደር። ሁለቱም እዚህ ከገቡ በኋላ የያዙት ነው። እዚያ ሳሉ ሰው የሚጠራው በአባቱ ነበር። የአንደርስ አባት ማን ይባላል?»

እሱንማ ሁላችንም እናውቃለን፤ በየመቃብሩ ድንጋይ ላይ አለ። ግን ፍለጋ ስንወጣ የምንጠራው ሁልጊዜ የአሜሪካ ስማችንን ነው። «ሚከል» አልኳቸው። የራስሙስን አባት ፔደርን ደግሞ ስኮቭጎሮች በየንግግራቸው ስለሚያነሡት ከብቱም ያውቀዋል።

ፔደርሰን፣ ማለትም የፔደር ልጅ፣ የሚባል ሰው እንደ አሸዋ ነው። ወይዘሮ ቦዲል ዕድሜና የመጡበትን ሰበካ ከቤተ ክርስቲያናችን መዝገብ ጋር ሲያስተያዩ ዋሉ። በኋላ ሁለቱንም አንድ ገጽ ላይ አገኟቸው። ራስሙስ ፔደርሰን፣ የቀን ሠራተኛ፣ ሦስተኛ ማዕረግ። ወረድ ብሎ አንደርስ ሚከልሰን፣ የቀን ሠራተኛ፣ ሦስተኛ ማዕረግ። እኛ ቤት አንደርስ አናጢ ነበር ይባላል። እሱን አላነሣሁትም።

«ራስሙስ ስንተኛ አሉኝ?»

«ሦስተኛ።»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

«ሆልገር፣ ያንተም ሦስተኛ ነው።»

«የኔማ ድሮም ሦስተኛ ነበር።»

ከማዕረጉ ቀጥሎ የዕቃ ዓምድ አለ። ራስሙስ አንድ ጥቅል። አንደርስም አንድ ጥቅል። «ሣጥኑስ?» አልኩ። ወይዘሮ ቦዲል ጣታቸውን እስከ ገጹ ግርጌ አወረዱና ቆሙ።

«ካረን ኒልስዳተር። የቤት ሠራተኛ። ብቻዋን የተሳፈረች። አንድ ሣጥን።»

ካረን የአንደርስ ሚስት፣ የኔ ቅድመ አያት ናት። ካረን ቶሩፕ እያልን ስንፈልጋት ኖረን ያጣናት ለዚህ ነው፤ ያኔ ገና አላገባችም፤ ብታገባም እዚያ አገር ሴት የአባቷን ስም አትጥልም ነበር። ልጇ ሜተ የራስሙስን ልጅ አገባች፤ የቨርነር አያት እሷ ናት። ሣጥኑ ስኮቭጎሮች ቤት የገባው ከሜተ ጋር ነው ማለት ነው።

«የሙሽራ ሣጥን ነዋ» አሉ ወይዘሮ ቦዲል። «ለመሆኑ የትኛው ወንድ ነው ጽጌረዳ የሚያስለው?»

ገጹን አሳትሜ በቀጥታ ቨርነር ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን እያሰማመርኩ ነበር። ቨርነር ወረቀቱን አቀረበ፣ አራቀ።

«ሦስተኛ ማዕረግ?» አለ።

«ምን ብዬህ ነበር» አለች ሚስቱ ዳግማር ከጓዳ። «ታዲያ ያን ባርኔጣ ከየት አመጣው?»

«ባርኔጣውንማ አባቴ ነው ዴ ሞይን ከተማ የገዛው» አለ ቨርነር ቀስ ብሎ።

ያሰማመርኩትን ልጀምር ስል ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «አያቴ ሜተ ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም ነበር። የእናቴ ሣጥን ነው ትል ነበር። አረጀች ብለን ዝም አልናት። ሴት ልጅ ብቻዋን ይኼን ይዛ ባሕር ትሻገራለች ብሎ ማን ያስባል?»

እንዲህ ያለን ሰው ምን ብለህ ትሰድበዋለህ? ስድቤን ውጬ ተቀመጥኩ።

«ሰልፉስ?» አልኩት።

«ካረን ከፊት ትሂዳ። ጉድሩን ትሁን።» ከዚያ ሣጥኑን አየው። «ተሸካሚው ነው የጠፋው።»

«ሁለት እጀታ አለው» አለች ዳግማር። «ሁለታችሁም የልጅ ልጆቿ ልጆች ናችሁ። ወገብ ወገብ እያላችሁ እንዳታደክሙኝ።»

ጁን አምስት ጉድሩን ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ከሥሩ የመኪና ቦት ጫማዋን ተጫምታ፣ ከሁሉ ፊት ወጣች። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብላት ትከሻዋን ሰበቀችላቸው። ከኋላዋ እኔና ቨርነር፣ አንዳንድ እጀታ ይዘን። እኔ እንኳ ሐኪም ስለከለከለኝ እጀታውን የያዝኩት ለይስሙላ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ቨርነር ላቡ ከባርኔጣው ሥር ይንቆረቆር ጀመር። ባርኔጣውን አልተወውም።

«ሆልገር፣ ይኼ ነገር ባዶ አይደለም እንዴ?»

«ባዶ ነው» አልኩት። «ፈጠን በል፣ መርከቡ አይጠብቅም።»

ሕዝቡ ሳቀ። ቨርነርም ከሁሉ በላይ ሳቀ፤ እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።