የሴንጋ ሰባት ልጆች

«ከቤት ጠጥተሽ የመጣሽው ነገር አለ?» አለች ሲስተር አፖሎት፣ ጓንቷን እየጎተተች።

«የለም» አለች ናንቱሜ።

ሲስተር አፖሎት አላመነቻትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያዋለደች ሴት እንዲህ ዓይነቱን «የለም» ለይታ ታውቀዋለች።

«ስሚኝ» አለች። «የእንሽርት ውሃሽ ከፈሰሰ ግማሽ ቀን ሊሆነው ነው። ምጥሽ ግን ሰነፍ ሆኗል። ሐኪሙ የምጥ መርፌ በግሉኮስ ይሰጣት ብሏል። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ጠብታውን እየቆጠርኩ ነው የምሰጥሽ። ግን ከሥር ሙምብዋ፣ ያ የቤት መድኃኒት፣ ከጠበቀው ሁለቱ ይደራረቡና ማኅፀንሽ አንዴ ከጨበጠ አይለቅም። ልጁ አየር ያጥረዋል። አንቺም ብትሆኚ…» አልጨረሰችውም። «ደግሜ ልጠይቅሽ። ሙምብዋ ጠጥተሻል?»

ናንቱሜ ዓይኗን ወደ ሴንጋ ቴዎፒስታ ላከች። ሴንጋ የአባቷ እህት ናቸው፤ እናቷ በስድስት ዓመቷ ስትሞትባት ወስደው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ፔርሙሱን በቀሚሳቸው እጥፋት ሸፍነው፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«አልጠጣሁም።»

«እሺ። ያችኛዋን ላዋልድና እመለሳለሁ» ብላ ሲስተር ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ስድስት አልጋ ነው ያለው፤ አዋላጇ አንድ እሷ ብቻ ነች።

ናንቱሜ የዋሸችው ሆስፒታሉን ንቃ አይደለም። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ስትገባ አንብባዋለች፤ ወላድን የቤት መድኃኒት ያጠጣ አስታማሚ ከክፍሉ ይወጣል ይላል። ትናንት አንዲት አማት ከነምንጣፏ በዘበኛ ተጎትታ ስትወጣ ያዩት ናሎንጎ፣ ጠዋት በሙሉ ሲያወሩት የነበረው ይህንኑ ነው። ናሎንጎ የሚሏቸው መንታ ስለወለዱ ነው፤ በጎረቤት አልጋ ልጃቸውን ያስታምማሉ፤ ክፍሉን ደግሞ በሳቅ ያስተዳድራሉ።

በዚህ ቤት እያንዳንዷ ወላድ ላስቲኳን፣ ጓንቷን፣ ጥጧንና ሰው ይዛ ነው የምትመጣው። ከሁሉም የሚከፋው ሰው ሳይይዙ መምጣት ነው። ጀርባ የሚያሽ፣ ውሃ የሚያቀርብ፣ መድኃኒት ቤት የሚሮጥ የሌላት ሴት እንደ ተረሳ ዕቃ ጥግ ላይ ትቀራለች። ናንቱሜ ደግሞ ከሴንጋ ሌላ ማንም የላትም። ባሏ ካዪዋ የከባድ መኪና ረዳት ነው፤ አሁን ወደ ጁባ መንገድ ላይ ነው። ከንጋት ጀምሮ ሰባት ጊዜ ደውላለታለች። ሰባቱንም ጊዜ ያቺው የማትሰለቸው ሴት «የደወሉላቸው ደንበኛ» እያለች መልሳላታለች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉ ናሎንጎ ከጎረቤት። «ያንቺ ልጅ ኪራይ የከፈለው እስከ ወር መጨረሻ ነው መሰለኝ፤ አልለቅም ብሏል።»

ክፍሉ ሳቀ። ናንቱሜም ለመሳቅ ሞከረች። በዚህ ሁሉ ሰው መሃል ብቻዋን ነበረች። የምታውቀውን ነገር የሚያውቅላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ፔርሙሱን እየከፈቱ ነው።

ሴንጋ በጣሳ ቀዱ። በእርጥብ አፈር የተበጠበጠ ውሃ የመሰለ ግራጫ ነገር ነው፤ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው አቧራ ይሸታል። ሙምብዋ የምትባለው ከሸክላ አፈርና ከቅጠላ ቅጠል የተጋገረች፣ ጣት የምታክል ዱላ ናት። ሴንጋ ሌሊቱን ድንጋይ ላይ ሲፈጯት አድረው ነው የመጡት፤ የመጀመሪያውን ጣሳ ናንቱሜ ጎህ ሲቀድ ጨልጣለች።

«ቶሎ በዪ፣ ሳትመለስ።»

«ሴንጋ፣ ያለችውን አልሰሙም?»

«ሰማሁ እንጂ! ደግሞ እሷ! ሰዓት እያየች ጠብታ ትቁጠር። እኔ ሰባቱንም በዚህ ነው የወለድኩት። ሰባቱንም! ማንንም ሳላስቸግር፣ ጠዋት ምጥ ይዞኝ ማታ እራት ሠርቻለሁ።»

«ግን ሁለቱ ሲደራረቡ ነው የምትለው…»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ይልቅ ጠጪ። እኔ ክፉሽን እሻለሁ?»

እንደማይሹ ናንቱሜ ጠንቅቃ ታውቃለች። ለዚህ ነው ጣሳውን የተቀበለችው። ወደ አፏ አስጠግታ ግን ቆመች።

ሰባቱንም።

ይህን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች፤ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በገበያ። ሴንጋ ሰባት ወለዱ። ሉሌ፣ ኢማኩሌት፣ ሙዋንጄ፣ ፍሎረንስ፣ ዴዎ። አብራቸው በአንድ ምንጣፍ ተኝታ፣ ከአንድ ቅጠል ላይ ማቶኬ፣ የተቀቀለ ሙዝ፣ ተሻምታ አድጋለች። አምስት ናቸው። አምስት መሆናቸውን የማያውቅ የለም፤ ሴንጋ «ሰባት» ሲሉም አንድ ሰው እንኳ አርሟቸው አያውቅም።

ከሙዝ ተክሉ ጥግ ማንም መቆፈሪያ የማያሳርፍባቸው ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ናንቱሜ በስምንት ዓመቷ አንዱ ላይ ተቀምጣ ሸንኮራ ስትበላ ሴንጋ አገኟትና በጥፊ መቷት። በዕድሜዋ ሙሉ የመቷት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ለምን እንደሆነ አልነገሯትም። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ እስከ ዛሬ አልጠየቀችም።

ጣሳውን አልጋው ሥር አስቀመጠችው።

«ምነው?» አሉ ሴንጋ።

ወዲያው ምጡ መጣ። ከጠዋቱ የጠነከረ ነበር፤ ወገቧን ይዞ ጨመቀና ቀስ ብሎ ለቀቀ። ሰነፉ ምጥ እየነቃ ነው ማለት ነው፤ ያነቃው ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃለች።

ሲስተር አፖሎት የግሉኮሱን ከረጢት ይዛ ተመለሰች። ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፣ የጓንት ቁራጭ የናንቱሜ ክንድ ላይ አሰረች፣ ደም ሥሯን በጣቷ ፈለገች፣ መርፌውን አስገብታ በፕላስተር ለጠፈችው። ሥራዋ ፈጣንና ጸጥ ያለ ነው። ከዚያ ሰዓቷን ወደ ዓይኗ አቀረበች፤ አውራ ጣቷን ጠብታውን በምትለቀው መቆለፊያ ላይ አሳረፈች።

«ሲስተር፣ ቆይ።»

አውራ ጣቷ ቆመ።

«ጠጥቻለሁ። ጎህ ሲቀድ፣ አንድ ጣሳ ሙሉ።»

ሲስተር አፖሎት መቆለፊያውን አጥብቃ ዘጋችው፣ ከረጢቱን ከሚስማሩ አወረደችው። ማዳመጫዋን የናንቱሜ ሆድ ላይ ተክላ ጆሮዋን አስጠጋች። ጊዜው ረዘመ። ናንቱሜ መተንፈስ ፈራች።

«አለ» አለች ሲስተር በመጨረሻ። «ልቡ ደህና ይመታል። ይህን መድኃኒት ለጊዜው አልሰጥሽም፤ ለሐኪሙ እነግራለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ አዳምጠዋለሁ።» ቀና አለች። «ማነው የሰጠሽ?»

ሴንጋ ምንጣፋቸውን መጠቅለል ጀምረው ነበር። ናንቱሜ የሚጠቀልለውን እጅ ታውቀዋለች፤ ፀጉሯን የጎነጎነው፣ የመጀመሪያ የልብስ ስፌት መኪናዋን በጭንቅላት ላይ ደግፎ ያመጣላት እጅ ነው።

«ራሴ ገበያ ገዝቼ ነው» አለች። «ሴንጋ አያውቁም።»

ሲስተር ፔርሙሱን አየችው። የሴንጋን ጥፍር አየችው፤ ግራጫው አፈር ገና አልለቀቀም።

«እንግዲያው የማያውቁት እናቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይቺን ፔርሙስ ሽንት ቤት ደፍተው፣ በሳሙና አጥበው ይመለሱልኝ። ጀርባ የሚያሽ ሰው ያስፈልጋታል።»

ሴንጋ ፔርሙሱን አንስተው ማንንም ሳያዩ ወጡ።

አልተመለሱም። አንድ ምጥ መጥቶ ሄደ፣ ሁለተኛው መጣ። ናሎንጎ የልጃቸውን ወገብ ይዘው «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላሉ፤ ቃሉ ለጎረቤት አልጋ ነበር። ናንቱሜ የአልጋውን ብረት ጨብጣ በሩን በሩን አየች። ሴንጋ ኩሩ ሴት ናቸው። ታክሲ ተራ ደርሰው ይሆናል፤ ተቀይመው ይሆናል። እውነቱን በመናገሯ አልጸጸታትም፤ ግን እንደዚያ ሰዓት እናቷን አስባት አታውቅም። ፊቷን እንኳ ማስታወስ አቃታት። ሦስተኛው ምጥ ሲመጣ ትራሱን ነክሳ አለቀሰች።

ሲስተር ምጡን ልትቆጥር እጇን የናንቱሜ ሆድ ላይ አድርጋ ሰዓቷን ስታይ፣ ሴንጋ ገቡ። ፔርሙሱ ታጥቧል፤ የቀሚሳቸው ጫፍ ርሷል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ተቀመጡ።

«ሲስተር» አሉ፤ ያ ጉራቸው የት እንደገባ እንጃ። «ሦስተኛዬና አምስተኛዬ… ጊዜያቸውን ጨርሰው ነው የመጡት። ፀጉር ነበራቸው፣ ጥፍር ነበራቸው። ግን ጠቁረው፣ ሳያለቅሱ። ለሁለቱም ምጡ ስለዘገየብኝ ጨምሬ ጨምሬ ጠጥቼ ነበር። ሰው የቡዳ ዓይን ነው አለኝ። እኔም እንደዚያው ብዬ…» ፔርሙሱን በሁለት እጃቸው ያዙት። «በዚህ ይሆን እንዴ?»

የሲስተር አፖሎት ፊት ለሰለሰ፤ ውሸት መናገር ግን የምትችል ሴት አልነበረችም።

«እናቴ» ብላ ጀመረች፣ «እውነቱን ልንገርዎት…»

ናንቱሜ የሴንጋን ፊት አየች። ይህን ሁሉ ዓመት ሰባት ሲሉ የኖሩት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

«ውይ! ሴንጋ!» ብላ ጮኸች። «መጣ! ጀርባዬን፣ ጀርባዬን!»

ሴንጋ ፔርሙሱን ጥለው ብድግ አሉ። ሁለት አውራ ጣታቸውን ወገቧ ላይ ተክለው፣ «አለሁልሽ ልጄ፣ አለሁ» እያሉ ያሹ ጀመር።

የሲስተር አፖሎት እጅ አሁንም የናንቱሜ ሆድ ላይ ነበር። ሆዱ ልል ነው፤ ምጥ አልነበረም። ሲስተር ናንቱሜን ዓይን ዓይኗን አየቻት። ሰዓቷን መልሳ ወደ ኪሷ ከተተች።

«ጠንከር አድርገው ይሹላት፣ እናቴ» አለች።