አርባ ስድስት ኪሎ አሸዋ

እናቴን የጣልኳት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሌላ ሰው ሲያወራው "ወደቀች" ይላል፤ እኔ ግን ራሴን አልዋሽም፣ የጣልኳት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ጎኗ ሽባ ከሆነ ወዲህ ብቻዋን አትቆምም። እንደ ሁልጊዜው ከአልጋዋ ወደ ወንበሯ ላሻግራት ብብቷ ስር ይዤ ብድግ ሳደርጋት፣ ያ የተረገመ ሙቀት ከደረቴ ተነስቶ ፊቴ ላይ ወጣ። እጄ በላብ ራሰ፣ እሷም ከእጄ ሾልካ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። አጥንቷ አልተሰበረም፣ ተመስገን ነው። ዳሌዋ ግን የእጅ መዳፍ የሚያህል በለዘ።

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ፊት ለፊት ያለው ክፍል መሥሪያዬ፣ ጓዳው የእናቴ መኝታ ነው። የወር አበባዬ ከተቋረጠ ዓመት አልፎታል። ማረጥ ሲባል እኔ የመሰለኝ አንድ ጣጣ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ዕረፍት ነው። የምን ዕረፍት! ስቀመጥ ያቁነጠንጠኛል፣ ስቆም ይደክመኛል። መስኮት ከፍቼ መልሼ እዘጋለሁ፣ ሹራቤን አውልቄ መልሼ እለብሳለሁ። አንዲት መርፌ ውስጥ ክር እስካስገባ ሦስቴ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ዚፕ ልታስቀይር የመጣች ደንበኛዬ ላይ ያለ ጥፋቷ አምባርቄ፣ ስትወጣ ዚፑን ይዤ አልቅሻለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ሐሙስ ከሚኖርበት ከተማ ደረሰ። በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሰው ቤት ሲገባም ይቆጣጠራል። የበለዘውን ዳሌዋን አየ፣ አልጋውን ነቀነቀ፣ ወለሉን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገ። ከዚያ ወደ መሥሪያዬ ጠርቶኝ፣ እኔ ቤት ትሄዳለች፣ ጠንካራ ሠራተኛ እቀጥርላታለሁ አለኝ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ እዚያ ከገባች ከጎረቤቶቿ አንዷን እንኳን ዳግመኛ እንደማታይ ሁለታችንም እናውቃለን። አፈር ስሆን ብዬ ለመንኩት። ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም፤ የጀመረውን መለኪያ ሳይጨርስ የማይለቅ ሰው ነው።

በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦ "የምትገባበትን ክፍል እያሠራሁ ነው፣ በአምስት ወር ያልቃል። ያኔ ስመጣ ዓይኔ እያየ ብቻሽን አንስተሽ ወንበሯ ላይ ካስቀመጥሻት፣ ትቀራለች። ካልቻልሽ ይዣት እሄዳለሁ።"

እናቴ በጓዳው ሆና ሁሉንም ሰምታለች። እሱ ከሄደ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ከዚህ ቤት በእግሬ እንደማልወጣ አውቃለሁ፣ በመኪና ግን አታስወጪኝ አለችኝ።

እልህ ያዘኝ። ጠዋትና ማታ ጎረቤቴ እየመጣች እናቴን አብራኝ ልታነሳ ተስማማን፤ እኔ ደግሞ ስፖርት ጀመርኩ። ስፖርት ሲባል የማውቀው መቅጠን ነው። ገና ሳይነጋጋ ተነስቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚያሯሩጠኝ ያለ ይመስል እሄዳለሁ። ራት ተውኩ። ምሳም በዓይን አይቼ አለፍኩ። በስድስት ሳምንት ስድስት ኪሎ ቀነስኩ፤ ቀሚሶቼን ሁሉ አጠበብኩ፣ መስታወት ፊት እየዞርኩ ራሴን ሳደንቅ ከረምኩ። ደንበኞቼም ወጣት መሰልሽ እያሉ አሞኙኝ። አንድ ቀን ካውያውን ከመደርደሪያ ላወርድ ስል ከበደኝና በሁለት እጄ ያዝኩት። ድሮ በአንድ እጄ የማነሳው ካውያ ነው።

እናቴን በሳምንት አንዴ የምታሠራት ከጤና ጣቢያ የምትላክ ወጣት ሴት አለች። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ ትላለች፤ እናቴ ግን ከመጀመሪያው ቀን "ወጌሻዋ" ብላ ስም ስላወጣችላት እኛም በዚያው ጸናን። ያን ቀን የካውያውን ነገር ስነግራት፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ከወንበር እንድነሳና እንድቀመጥ አዘዘችኝ። አምስተኛው ላይ ቀረሁ። የሰማንያ ዓመት ሴት ከዚህ በላይ ትሠራለች አለችኝ፣ ሳትስቅ።

"እትዬ፣ ሴት ካረጠች በኋላ ጡንቻዋም አጥንቷም እየሳሳ ነው የሚሄደው" አለችኝ። "እርስዎ ደግሞ በረሃብ ያግዙታል።"

ከዚያ ትእዛዙን አወረደችው። መብላት፣ እንቁላሉንም ባቄላውንም። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። ግድግዳ መግፋት። ከመሬት ዕቃ ማንሳት፣ ጉልበት ታጥፎ፣ ወገብ ቀጥ ብሎ፣ ዕቃውን ከሆድ አስጠግቶ። ክብደቱን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መጨመር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ። ይህ ሁሉ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፤ በሌሎቹ ቀናት ዕረፍት፣ ጡንቻ የሚገነባው ሲያርፍ ነው አለች። ሙቀቱም ቢሆን አንዴ ተነስቶ እስኪያልፍ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ አይታገሉት አለችኝ። ቁጭ ማለት ላቃታት ሴት ዕረፍት ማዘዝ ምን ይሉታል?

የብረት ክብደት ከየት አመጣለሁ፤ መርፌ ግን አለኝ። የአሮጌ ጅንስ እግር እየቆረጥኩ ከረጢት ሰፋሁ፣ በድርብ ስፌት፣ የቀበቶ ማንገቻ አድርጌ። አጠገባችን ቤት ከሚሠሩት አሸዋ ለምኜ፣ በሱቁ ሚዛን አስመዝኜ እያንዳንዱን አምስት አምስት ኪሎ አደረግሁት። ሁለቱን ማንሳት ቻልኩ፣ ቀጥሎ ሦስቱን። ሰውነቴ ሲታዘዘኝ ደስ አለኝ፤ ደስታው ደግሞ አቅሌን አሳተኝ። የዕረፍት ቀን የሚባለውን ሰረዝኩና በየቀኑ ማንሳት ጀመርኩ፣ ሙቀቱ በመጣ ቁጥር፣ ንዴቱ በመጣ ቁጥር። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። በአሥረኛው ቀን ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ቀጭ አለና በዚያው ቀረሁ። አራት ቀን ተኛሁ። እናት በአንድ አልጋ፣ ልጅ በአንድ አልጋ፤ ጎረቤቴ በመሃላችን እየተመላለሰች፣ ሁለታችሁንም ወንድምሽ ይውሰዳችሁ እያለች ትስቅብኛለች። እኔ አልሳቅሁም፤ የቀረኝን ሳምንት በጣቴ እቆጥር ነበር።

ስነሳ ታዘዝኩ። በዕረፍት ቀን እጄን ከአሸዋው ለማራቅ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የተከልኩትን ፈትቼ እንደገና እተክላለሁ። አራት ከረጢት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ከወንበር መነሳቱ ሃያ ደረሰ፣ ካውያውም የድሮው ካውያ ሆነ።

ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ፤ ከልብስ ሰፊ በስተቀር ለማንም አይመጣም። የእናቴ ልክ ደብተሬ ላይ አለ፦ ትከሻዋ፣ ደረቷ፣ የክንዷ ርዝመት፣ ሁሉም። ወጌሻዋ መዝናት አርባ ስድስት ኪሎ መሆኗንም ነግራኛለች። ከግራጫ ገበር ጨርቅ የአካሏን ቅርጽ ቆርጬ ሰፋሁ፤ ደረት፣ ሁለት ክንድ፣ ሁለት እግር፣ ከጭንቅላት በቀር ሁሉንም። ከረጢቶቹን በየቦታቸው ከትቼ፣ የጎደለውን ጠቅጥቄ፣ ልክ አርባ ስድስት ኪሎ አደረግኋት። መሥሪያዬ ውስጥ ሶፋው ላይ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ ንቅንቅ አላለችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ብብቷ ስር ይዤ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ብድግ አደረግኋትና ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። ብቻዬን እስክስታ መምታት ነው የቀረኝ!

በዚያው ደስታ ጓዳ ገባሁ። እማዬ፣ ዛሬ ጎረቤት አንጠራም አልኳትና ያዝኳት። እናቴ በእጄ ውስጥ እንጨት ሆነች። በደህናው እጇ የአልጋውን ብረት ጨምድዳ ያዘች፣ አለቅም አለች። አርባ ስድስቱ ኪሎ መቶ ሆነብኝ። ላላቅቃት ስሞክር አለቀሰች፤ እናቴ ሲያማት እንኳን አታለቅስም።

ተናደድኩ፣ አልደብቅም። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችውን የአሸዋ ሴትዮ አሳየኋት። አንቺው ነሽ፣ በልክሽ ነው የሠራሁት፣ አሁን እኮ አነሳኋት አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየቻት። "ልኬስ ልኬ ነው" አለች። "እሷ ግን ወድቃ አታውቅም። እኔ ወድቄያለሁ።"

አራት ወር ሙሉ ስለ ክንዴ፣ ስለ ወገቤ፣ ስለ ሙቀቴ አስቤያለሁ፤ መፍራቷን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ስጥላት "ምነው ያዝ አላደረግሽኝም" እንኳን እንዳላለችኝ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። እሷ እንባዬን በብርድ ልብሷ ጫፍ እየጠረገች፣ ያቺን ጭንቅላት የሌላት ሴትዮ ግን ከፊቴ ዞር አድርጊልኝ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ሠራን። ወጌሻዋ መክራን ለእናቴ ግማሽ ኪሎ የማትሞላ ከረጢት ሰፋሁላት፤ በቀኝ እጇ እያነሳች ታወርዳለች። ቀኝ እግሯን ደግሞ መሬት ላይ ተክላ ትገፋለች። የማነሳው እኔ ብሆንም የምትቆጥረው እሷ ናት፤ ሦስት ሳትል አልነካትም። ሙቀቱ ከመጣብኝ "መጣ" እላታለሁ። "ይለፍ" ትለኛለች። ባለንበት ጸጥ እንላለን። ሲያልፍ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። የመጀመሪያው ሳምንት እጇ ብረቱን አለቀቀም። በሁለተኛው ለቀቀችውና አንገቴን ያዘች።

ወንድሜ እሁድ ጠዋት መጣ። የመኪናውን ወንበሮች አጥፎ ፍራሽ ዘርግቷል፣ ትራስ ሳይቀር። ሰላም ብሎን እንደጨረሰ እጁን አጣምሮ ጓዳው በር ላይ ቆመ።

ጎንበስ አልኩ። ያዝኳት። እናቴ አንድ አለች፣ ሁለት አለች፤ ከደረቴ ስር እሳቱ ተነሳ። ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ይህንን ቀን!

"መጣ" አልኳት።

"ይለፍ" አለችኝ።

ወንድሜ ምንድን ነው የመጣው ብሎ ጠየቀ። ላቤ በአገጬ ጠብ ጠብ ይላል። ሮጠሽ ውጪ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ጩሂ ጩሂ ይለኛል ሰውነቴ። አልተነቃነቅሁም። ወንድሜ በቃ አይቻለሁ ብሎ አንድ እርምጃ ሲገባ፣ እናቴ ደህናውን እጇን ከአንገቴ ሳታነሳ በዓይኗ መለሰችው። ቀስ እያለ በረደልኝ። እጄን አንድ በአንድ ቀሚሴ ላይ ጠርጌ እንደገና ያዝኳት። ከአንድ ጀመረች። ሦስት ስትል እኔ አነሳሁ፣ እሷ በእግሯ ገፋች፣ ደረት ለደረት ቆምን። ዞር አድርጌ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። ዘጭ የለ፣ ኮሽ የለ።

ጋሼ ግን መለኪያውን አልጨረሰም። አዎ፣ ዛሬ ሆነ አለ፤ የዛሬ ዓመትስ? የዛሬ ሁለት ዓመትስ? እኔም እያረጀሁ እንደምሄድ፣ አንዴ የጣለ እጅ ደግሞ መጣሉ እንደማይቀር፣ የእናቱን ነገር በዕድል እንደማይተው ተናገረ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ያለኝን ሁሉ አሁን አሳይቼ ጨርሻለሁ።

እናቴ ቀሚሷን አስተካከለች። "እሷን በአራት ወሯ እኔ ጥያታለሁ" አለችው። "ገላዋን ስናጥባት ነበር። ታስታውሳለህ?"

ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄ ሳላስበው ወደ ጭንቅላቴ ሄደ። ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠ። የሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሰውዬ ጠፍቶ ልጅ መሰለ።

"ለአባባ እንዳልናገር አስምለሽኛል" አላት። "ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

"አውቃለሁ። እኔ ፈርቼ ቆሜ ስቀር፣ ከመሬት ያነሳት ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንስተህ ለማን ሰጠሃት?"

እኔን አየኝ። እጆቼን አየ፤ ገና አልደረቁም ነበር።

"ላንቺ" አላት።

እናቴ በወንበሯ ላይ ተደላደለች። በል፣ ያንን ፍራሽ ከመኪናህ አውርደው፣ ዛሬ እዚሁ ታድርበታለህ አለችው። እሱም ወጣ፤ ፍራሹን እያወረደ በክንዱ ዓይኑን ሲጠርግ በመስኮት አየሁት።