ሰኞ በዶሊኖቭ ግንብ

ኦታካር የማይረሳው ነገር የለም። የሚስቱን ልደት ይረሳል፣ የጋብቻቸውን ቀን ይረሳል፣ አንድ ጊዜማ ሚስቱን ራሷን ገበያ ላይ ትቷት ቤቱ ገብቷል። እርግቦቹን ግን ረስቶ አያውቅም። እሑድ እሑድ የውድድር እርግቦቹ ከምዕራቡ ድንበር ተለቀው ወደ ቤታቸው ሲገሰግሱ፣ እሱ ጓሮው ውስጥ አንገቱን ሰቅሎ ይጠብቃል። ሚስቱ ሉድሚላም ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ አብራው ሰማይ ሰማዩን ታያለች። ዓይኗ ከሱ ስለሚሻል ቀድማ የምታያቸው እሷ ናት። "መጡልህ" ስትለው የገቡበትን ደቂቃ የሚመዘግብበትን የውድድር ሰዓት ይዞ ይሮጣል። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖሩ።

እሷ ደግሞ በአርባ ዓመት ውስጥ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዶሊኖቭ ግንብ እንዲወስዳት። በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እዚያ አስጎብኚ ነበረች። ኦታካር ያኔ ወታደር ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሊጎበኝ መጥቶ፣ ወለሉ እንዳይጫር ከጫማ በላይ የሚጠለቀውን ወፍራም የሱፍ ነጠላ ጫማ አጥልቆ፣ የዳንስ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ተንሸራተተበት።

"አንተ ወታደር፣ የእናትህ ቤት መሰለህ?" ብላ ጮኸችበት።

ሌሎቹ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ ግን እጇን ያዛትና አብረው ተንሸራተቱ። ትዳራቸው እዚያ ወለል ላይ ተጀመረ ማለት ይቻላል። "አንድ ቀን ሄደን እንደገና እንንሸራተት" ባለችው ቁጥር "እንሄዳለን፣ ግንቡ የት ይሄድብሻል?" ይላታል።

ግንቡማ የትም አልሄደም። የሄደው የእሷ እግር ነው። የስኳር በሽታዋ ግራ እግሯን አበላሸውና ሐኪሞቹ ማክሰኞ ከጉልበቷ በታች ሊቆርጡት ቀጠሯት።

"ኦታ፣ በሁለት እግሬ እያለሁ ዶሊኖቭ ውሰደኝ" አለችው። "እሑድ እንሂድ።"

"እሑድ ውድድር አለ፤ የዓመቱ ትልቁ።" አገጩን አከከ። "ሰኞ እንሂድ። ባቡሩም ባዶ ይሆንልናል። የአንድ ቀን ልዩነት እኮ ነው ሚላ።"

ሉድሚላ ሻይዋን ትንሽ አማሰለች። "እሺ፣ ሰኞ" አለች።

እሑድ እርግቦቹ ሰባተኛ ወጡ። ሰኞ ማለዳ ሉድሚላ ኮተሌት ጠብሳ በዳቦ መሃል አድርጋ፣ ሻዩን በፔርሙስ ቀድታ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ከባቡር ጣቢያው እስከ ግንቡ ያለውን አቀበት በክራንች ወጣችው። ሦስት ቦታ አረፈች፤ አንዴም ደከመኝ አላለች። ኦታካር በኩራት ቀደም ቀደም እያለ በሩ ጋ ደረሰ። በሩ ተዘግቷል። ሰሌዳው ላይ "ሰኞ ዝግ ነው" ይላል።

በአገራችን ግንብ ሰኞ እንደማይከፈት የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ እንኳ ያውቃል። ግን ይኼ ሰውዬ አርባ ዓመት ሙሉ ሰማይ ሲያይ ኖሮ ከየት ይወቀው? በሩን ደበደበ። መወልወያ የያዘች ጎልማሳ ሴት ከፈተችለት፤ ከኋላዋ የሰም ሽታ መጣ።

"አባት፣ ሰኞ ነው እኮ" አለችው።

"አንድ ጊዜ ብቻ አስገቢን። ነገ እግሯን ሊቆርጧት ነው።"

ሴትየዋ ሉድሚላን አየቻት። ፊቷ ተለወጠ። "አዳራሹ አሁን ገና ሰም ተቀብቷል። እስኪደርቅ ድረስ እኔም አልረግጠውም። በጣም አዝናለሁ፣ የአትክልት ቦታው ግን ክፍት ነው።"

"እስኪ ሰው ሁኚ!" ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሉድሚላ ክንዱን ያዘችው።

"ተዋት ኦታ። ሥራዋን ነው የምትሠራው። እኔም እኮ ሰኞ ሰኞ እዚህ ሰም ስቀባ ነበር የምውለው።"

 ይህን የተናገረችው ምንም ነገር እንዳልሆነ አድርጋ ነው። ጽጌረዳዎቹ መሃል ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኮተሌቱን አወጣችለት፤ አልበላም።

"ታውቂ ነበር" አላት።

"ምኑን?"

"ሰኞ ዝግ መሆኑን።"

"እንዴት አላውቅም?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ 'በቃ፣ ሌላ ጊዜ' ትላለህ። ይኼ እግር ደግሞ ሌላ ጊዜ የለውም። የአትክልት ቦታውንም ሳላየው ልቅር? ያገኘሁትን ወሰድኩ።" ከዳቦው ቆረሰችና አጎረሰችው። "ደግሞ ለሰባተኛ!"

ሳቀች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።  "በሚመጣው እሑድ…" ብሎ ጀመረና፣ የሚመጣው እሑድ የት እንደምትሆን ትዝ ሲለው አፉን ያዘ። እሷ በክራንቿ ወደ ላይ እያሳየችው ነበር። "ያ ሦስተኛው መስኮት አዳራሹ ነው" አለች።

ነሐሴ ላይ ተመለሱ፤ በእሑድ። ውድድር ነበረ። ሰዓቱን ለጎረቤት ሰጥቶ ተሽከርካሪ ወንበሯን እየገፋ አቀበቱን ወጣ። አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም።

"ልሸከምሽ" አላት።

"ወገብህን ልትሰብር? የአንዳችን መታመም ይበቃል። ውጣና ለኔም ጭምር ተንሸራተትልኝ። ከመስኮቱም እጅህን አውለብልብ።"

ጽጌረዳዎቹ ጋ ትቷት ወጣ። ከቅርጫቱ የሱፍ ጫማ አንስቶ አጠለቀ። አዳራሹ ሲደርስ ሌሎቹን አሳልፎ ወደ ኋላ ቀረ። ሁለት እርምጃ ያህል ተንሸራተተ፤ ሊወድቅ ሲል ግድግዳ ያዘ። ወለሉ ያው ነው። እጁን የሚይዝለት ግን የለም። አርባ ዓመት ሙሉ ምን ነክቶኝ ነው ብሎ ራሱን ረገመ።

"አባት፣ ከቡድኑ አይለዩ" አለችው አስጎብኚዋ፣ ልጅ እግር ናት።

"አንዴ ብቻ፣ ሚስቴን ልይ" አለና ወደ ሦስተኛው መስኮት ሄደ።

ሉድሚላ ታች፣ ወንበሯ ላይ ናት። እጁን አውለበለበ። አላየችውም። በሁለት እጁ አውለበለበ። እሷ ወደ መስኮቱ አልነበረም የምታየው። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ በምዕራብ በኩል ያለውን ሰማይ ትቃኛለች። እሑድ ነውና እርግቦቹን እየፈለገችለት ነበር።