የረቢአ ግራ እግር

ባሏ ከማል ሲቀበር ረቢአ ደሴ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነበረች። ጭኗ ውስጥ ብረት ገብቶላት፣ ቁስሏ ጠግጎ፣ በክራንች ተደግፋ ከሚሴ ወደሚገኘው የአማቷ ቤት ስትመለስ የለቅሶው ምንጣፍ ተነስቶ፣ ሰዉም ወደየሥራው ተበትኖ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ሰንበቴ ከተማ ያለችው እህቷ ወልዳ ልትጠይቃት ስትነሳ ከማል አብሯት ሄደ። በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈሩ። ፀሐይ ፊቷን እንዳይመታት ብሎ በግራ በኩል ያለውን የመስኮት ወንበር ራሱ ያዘና እሷን ከጎኑ ወደ ውስጥ አስቀመጣት። ጨፋ ሮቢትን አለፍ እንዳሉ ኩርባው ላይ አንድ ተሳቢ መስመሩን ስቶ መጣባቸው። ሚኒባሱን ግራ ጎኑን መትቶ ከመንገዱ በታች ወደ ማሽላ ማሳ ጣለው። በዚያ በኩል ከተቀመጡት በሕይወት የወጣችው ረቢአ ብቻ ነበረች።

የከማል እናት እማ መሪየም ሌላ ልጅ የላቸውም። ረቢአም ገና አልወለደችም ነበር። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ ልጇን አንዷ ባሏን አጥታ፣ ባንድ ጣሪያ ሥር ቀሩ።

አጥንቱ ገጠመ። እግሩ ግን እግር አልሆን አለ። ጭኗ ሟሽሾ የልጅ ክንድ መሰለ፤ ጉልበቷም በግማሽ ታጥፎ እዚያው ይቆማል። ክራንቿን ጥላ መራመድ ስትጀምር ቀኟ ይረግጣል፣ ግራዋ ይጎተታል። ረቢአ ልብስ ሰፊ ናት። ከማል በየጠዋቱ በረንዳ ላይ ያወጣላት የነበረው በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ከርሟል። አንድ ቀን ጨርቁን ገፍፋ ተቀመጠችና መርገጫውን ብትረግጠው መኪናው ሄደላት። ደስ አላት። ጎንበስ ብላ ስታይ ግን የሚረግጠው ቀኙ ብቻ ነው፤ ግራው ላዩ ላይ ተቀምጦ እንደ ተሳፋሪ አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል።

በማግስቱ ከአማቷ ጋር እዚያው ከሚሴ ወዳለው ሆስፒታል ሄደች። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ያገኘቻት ብፅዓት የምትባል ወጣት ናት፤ በሽተኛው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። ብፅዓት ሁለት ሚዛን መሬት ላይ ጎን ለጎን አኑራ፣ አንድ እግሯን በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ላይ አቆመቻት።

"እኩል ነው የረገጥሽው?"

"አዎ፣ እኩል ነው።"

"እስቲ ወደ ታች እዪው።"

ረቢአ አየች። የቀኙ ቀስት ሩቅ ሄዶ ቆሟል፤ የግራው ከዜሮው ብዙም አልራቀ። እጅ ከፍንጅ የተያዘች ያህል ደነገጠች። እንዲህ አዘንብላ እንደምትቆም ፈጽሞ አላወቀችም ነበር።

"የተሰበረው ግራሽ ነው" አለቻት ብፅዓት፣ "አሁን የሚበድልሽ ግን ቀኝሽ ነው። ሥራውን ሁሉ ይቀማዋል። በዚሁ ከቀጠልሽ ግራው እንደሰለለ ይቀራል፤ ቀኙም ውሎ አድሮ ጉልበቱን ያመዋል። ሁልጊዜ በግራው ጀምሪ። ግራው የቻለውን ያህል ቀኙም ይሥራ፤ ከዚያ በላይ አትጨምሪለት።"

ከዚያ አሳየቻት። ቀኙን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ግራውን ወደ ኋላ ሰብስቦ ከወንበር መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ ደጃፍ ላይ ባለ ድንጋይ በግራ እግር መውጣት፤ ግድግዳ ተደግፎ ተረከዝ ማንሳት፤ በሆድ ተኝቶ የደረቀውን ጉልበት በጨርቅ እየሳቡ ማጠፍ። "ሲስብሽ ቻዪው" አለቻት። "ሲወጋሽ አቁሚ።"

እማ መሪየም በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ንጋት ላይ ፈጅር ተሰግዶ ሳያበቃ "ካኢ!" ይሏታል። ተነሽ ማለታቸው ነው። መቁጠሪያ ሙስበሓቸውን ይዘው ከፊቷ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ፊቷን አያዩም፤ እግሯን ነው የሚያዩት። ስትንገዳገድ እጃቸውን አይዘረጉም።

"ድገሚ።"

"እማ፣ ሲስተር ያለችው አልቋል።"

"ሲስተር ያለችውን ሲስተር ጋ ስትሄጂ ሥሪ። እዚህ ድገሚ።"

ጎረቤታቸው ሰዒዳ ባየቻቸው ቁጥር "እንዲህ ያለች አማት ከየት ይገኛል! እንደ ልጇ አስታመመቻት እኮ" ትላለች። ረቢአ አቀርቅራ ልምምዷን ትቀጥላለች። ከደሴ ከተመለሰችበት ቀን ጀምሮ እማ መሪየም ስለ ከማል አንድም ቃል ጠይቀዋት አያውቁም። ካኢ ሲሏት ከቃሉ በስተጀርባ ሌላ ቃል ያለ ይመስላታል፤ እሱ ሞቶ አንቺ ተረፍሽ የሚል። ስለዚህ ትነሳለች። ጉልበቷ ሲወጋትም አታቆምም። ቅጣቱ ይገባኛል ብላ ነው መሰል።

አንድ ጠዋት ጉልበቷ አብጦ፣ እንደ እንጎቻ ድቡልቡል ብሎ፣ ግሎ አደረ። ብፅዓት ዳስሳው ፊቷን አጠቆረች።

"ማነው ይሄን ያህል ሥሪ ያለሽ?"

"እኔው ነኝ። ቶሎ ልዳን ብዬ።"

"ያገኘሽውንም ልታጪው ነው። እብጠቱ እስኪወርድ እረፊ። ሰምተሽኛል?"

እማ መሪየም ይህንንም ከአግዳሚው ላይ ሆነው ሰሙ። በባጃጅ ተመለሱ። በነጋታው ግን ያው ድምፅ መጣ።

"ካኢ!"

"አልነሳም።"

"ካኢ አልኩሽ፣ አንቺ ልጅ!"

"አልነሳም፣ እማ። እግሬ እንዲድን ብለው አይደለም። ሊቀጡኝ ነው። እሱ ሞቶ እኔ በመትረፌ ነው። ወንበሩን እኔ አልመረጥኩም፤ ራሱ ነው እዚያ የተቀመጠው!"

የእማ መሪየም ጣቶች ሙስበሓው ላይ ቆሙ።

"ወንበሩን አውቃለሁ" አሉ። "ልጄ አይደል? ሌላ ቦታ አይቀመጥም ነበር።"

"ታዲያ ምን አድርጌ ነው?"

አሮጊቷ ሙስበሓውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

"ስትራመጂ እሰማሻለሁ" አሉ። "አንዱ ዱብ ይላል፣ አንዱ መሬቱን ይፍቃል። ከጓዳ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ በር። በተንቀሳቀስሽ ቁጥር ከማል ሞተ፣ ከማል ሞተ ነው የሚለኝ። ለሶላት ታጥቤ ውዱእ ሳደርግ እሰማዋለሁ። ስሰግድ እሰማዋለሁ። ጆሮዬን የት ላድርገው? እንድትድኚ እፈልጋለሁ። ላንቺ ብዬ አይደለም። ወላሂ፣ ላንቺ ብዬ አይደለም። እንዳልሰማው ነው።"

ረቢአ ስትጠብቅ የከረመችው እርግማን ነበር። ለእርግማን የሚሆን መልስ አሰናድታ ነበር። ያበጠ ጉልበቷን ታቅፋ ተቀመጠች፤ አሮጊቷም ተነስተው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አላስነሳትም። እብጠቱ ሲወርድ ራሷ ጀመረች፤ ሲስተር ያለችውን ያህል ብቻ። እማ መሪየም እንደ ድሮው ዱካቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ድገሚ ማለቱን ግን ተዉት። በዚህ መካከል ከከተማው ውጭ ተኩስ ተሰማ፤ መንገዱም ተዘጋ። ዘመዶቿ ጋ ሄዳ የነበረችው ብፅዓት መመለሻ አጥታ ሰነበተች። የሆስፒታሉ ክፍል ሲቆለፍ ረቢአ በደጃፉ ድንጋይ ላይ በግራዋ እየወጣች፣ እየወረደች ጠበቀቻት። ድንጋዩ ላይ ቆማ የሩቁን ተኩስ እያዳመጠች ለማን እንደምትድን የምታስብበት ቀን ነበር፤ መልስ ሳታገኝ ተረከዟን ታነሳለች።

ከአደጋው ወዲህ የምትሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አንድ ቀን ለቀትሩ ሶላት፣ ለዙህር፣ ወንበሩን ገፋ አድርጋ ወደ ምንጣፉ ወረደች። ጉልበቷ ተወጠረ፣ ጭኗ ተንቀጠቀጠ፤ ግንባሯ ግን መሬት ነካ። ከሱጁድ ሳትነሳ ዱዓ ልታደርግ ብትል ምን እንደምትለምን ጠፋባት። ምንም ሳትለምን ቀና አለች።

መንገዱ ተከፍቶ ብፅዓት ስትመለስ ሁለቱን ሚዛኖች ደግማ አወጣች። ቀስቶቹ ተቀራርበው ነበር፤ እኩል ግን አልሆኑም።

"እኩል ይሆናል ወይ?" አለቻት ረቢአ።

ብፅዓት ልታባብላት አልፈለገችም። "ላይሆን ይችላል። ሥራውን ካቆምሽ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ግን አሁን ይሸከምሻል።"

በዚያው ሳምንት እማ መሪየም ራት ላይ ትሪውን ወደሷ ገፋ አድርገው "ቦታውን አሳዪኝ" አሉ። የትኛውን ቦታ እንደሆነ አልጠየቀቻቸውም።

በነጋታው በሚኒባስ ሄደው ኩርባው ላይ ሲደርሱ ለረዳቱ ነግረው ወረዱ። ረቢአ በዚያ መንገድ ስትሄድ ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው፤ መንገዱን ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ነበር የመጣችው። ከአስፋልቱ በታች ቁልቁለቱ ልቅ አፈርና ጠጠር ነው። አማቷን ክንዳቸውን ይዛ፣ "ሱታ፣ እማ፣ ሱታ" እያለች፣ ቀስ በቀስ ግራዋን እያስቀደመች ወረደች።

ታች ምንም የለም። ማሽላው እንደገና ተዘርቶ ደረት ደርሷል። አንድ ገበሬ ከማሳው ውስጥ ማጭዱን ይዞ ወጣና "አካም ኦልተን" ብሎ ሰላም አላቸው። አብዱሰላም ይባላል፤ ማሳው የሱ ነው። ለምን እንደመጡ ሲነግሩት ማጭዱን መሬት አስቀመጠ።

"ሰዎቹን ስታወጡ ነበርክ?" አሉት እማ መሪየም።

"ነበርኩ፣ እናቴ።"

"ረጅም ነው። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። በመስኮቱ በኩል።"

ገበሬው አቀረቀረ። "ብዙ ሰው ነበር፣ እናቴ። አቧራና ደም ነው ያየሁት። ማን ማን እንደሆነ አልለየሁም። ብዋሽዎት አላህ ይጠይቀኛል። ጫማዎች ቀርተው ነበር፤ የሚወስዳቸው ሰው ሳጣ ከግራሩ ሥር ቀበርኳቸው።"

እጁን ወደ ግራሩ ዘረጋ። እማ መሪየም ሄደው ከሥሩ ተቀመጡ። ረቢአም አጠገባቸው ወረደች። ገበሬው ትቷቸው ወደ ማሽላው ገባ።

"ተናግሮ ነበር?" አሉ እማ መሪየም። ፊታቸው ወደ ማሳው ነው።

ረቢአ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅም፣ ስትፈራም ነው የኖረችው።

"አልተናገረም። እጄን ይዞ ነበር። እኔ አፌ ውስጥ አፈር ገብቶ መጮህ አልቻልኩም። ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። ብዙ ቆየ፣ እማ። ከዚያ እጄን ለቀቀው።"

"ብዙ ቆየ?"

"ብዙ።"

አሮጊቷ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ፤ የአላህ ነን፣ ወደሱም ተመላሾች ነን ማለታቸው ነው። አላለቀሱም። መሬቱን በመዳፋቸው ያሹ ነበር፤ አንድ ነገር ፈልገው ያጡ ይመስል፣ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ፀሐይዋ ከአናት ወደ ምዕራብ ዘንበል አለች። ሊነሱ ሲሉ አቃታቸው። ረቢአ ሁለት እጃቸውን ይዛ ልታነሳቸው ስትል ቀኝ እግሯ የረገጠው ጠጠር ተንሸራተተ። ክብደቱ ሁሉ፣ የሷም የሳቸውም፣ በግራው ላይ ወደቀ። ጭኗ በእሳት የተያዘ ያህል ነደደ፤ ጥርሷን ነክሳ ገፋች። እግሩ እየተንቀጠቀጠ ቀጥ አለ። ሁለቱም ቆሙ።

ዳገቱን በስንት ማረፍ ወጡት። አስፋልቱ ዳር ቆመው ሙሉ መኪኖች እየጣሏቸው አለፉ፤ በመጨረሻ አንዱ ቆመላቸው። መኪናው ውስጥ የረቢአ ጭን አልረጋ ብሎ እየዘለለ ነበር። እማ መሪየም ወደሷ ሳይዞሩ እጃቸውን አሳርፈው ጫን አሉት። እስከ ከሚሴ አላነሱትም።

የረቢአ እግሮች እኩል አልሆኑም። ብርድ ሲሆን ግራው ይጎተታል፤ ልምምዱን ትታ የሰነበተች እንደሆነ ብሶበት ታገኘዋለች። የስፌት መኪናው ወደ በረንዳው ተመልሷል፤ በየጠዋቱ ሰዒዳ መጥታ ታወጣላታለች። የእህቷ ልጅ ድክ ድክ ማለት ጀምሯል፤ ረቢአ ግን ሰንበቴ ድረስ ሄዳ አላየችውም። እማ መሪየም የልጃቸውን ስም ዛሬም በአፋቸው አይጠሩም። አንዳንዴ ግን ምሳ ላይ፣ ምንም ሳይቀድመው፣ "ብዙ ቆየ አልሽኝ አይደል?" ይሏታል።

"አዎ፣ እማ" ትላለች ረቢአ። ትሪውንም ወደሳቸው ገፋ ታደርገዋለች።